ከአርባ እስከ ሰማንያ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ? «ሞራው ከተገፈፈላት ወዲህ የኔን ሽበት ትቆጥራለች» አለኝ ወንድሜ። ተመስገን ነው። ለጊዜው ፊደል ላይ እንዳታፈጪ ስለተባልሽ ይህንን የሚያነብልሽ እሱ ነው። ረዘመ ብሎ እንዳይዘል አደራ፤ አውቀዋለሁ።

እኛ ደህና ነን። ቁስቋምን ያለ አንቺ አነገሥን። ኅዳር 6 ዳገቱን ስወጣ ሦስት ቦታ ቆምኩ። አንቺ አምና በዚያ ጉልበትሽ እየዘመርሽ ነበር የወጣሽው፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ። ሴቶቹ ሁሉ ስላንቺ ጠየቁኝ። አንዷማ «አዲስ አበባ ተስማማት ወይ?» ብላ አዲስ ሙሽራ አስመሰለችሽ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በስልክ «ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትዪኝ «ሥራ በዝቶ ነው» እልሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። ቀን የሰው ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል እተይባለሁ። ማታ የጎንደር ፒያሳ ጭር ሲል ደግሞ የራሴን። መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው እማዬ። ለወጣቶች። ፋንታሲ ይሉታል። አንቺ ተረት በዪው፤ ረዘም ያለ፣ ጦርና ጋሻ ያለበት ተረት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራ ላይ አንድ ግንብ አለ። የፋሲልን ግንብ ይመስላል፣ ግን ጣራው ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ዓይነት መላእክት ተሥለዋል፤ ሰው ሲዋሽ ዓይናቸውን ወደሱ ይመልሳሉ። እዚያ አንድ ጸሐፊ ይኖራል። በአገሩ የተወለደ ሕፃን ሁሉ አርባ ቀን ሲሞላው ዕጣውን ብራና ላይ ይጽፋል። ግንቡን የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። ከነሱ ትንሿ እምቢአለች ትባላለች፣ 16 ዓመቷ ነው። ስሙን እንደምትወጂው አውቃለሁ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆና ስትጠብቅ የራሷን ብራና ታገኛለች።

ያቺ የጎረቤታችን ልጅ፣ ቀጫጫዋ፣ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሰጠኋት። በማግስቱ መጥታ «ዕጣዋ ከተጻፈ ለምን ትዋጋለች? ብትዋጋም የተጻፈ ነው፣ ባትዋጋም የተጻፈ ነው» አለችኝ። አፌን ያዝኩ። ስድስት ወር የለፋሁበትን ቆማ ናደችው።

ደግሞ አላበቃችም። «ሴት ጦረኛስ ጎንደር ውስጥ የት ነበረችና?» አለች። እዚህ ላይ እንኳ መልስ አላጣሁም። እቴጌ ምንትዋብን ሁሉም ያውቃታል፤ ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ በልጇ፣ ኋላም በልጅ ልጇ ስም አገር ገዝታለች፣ ቁስቋምንም ያሠራችው እሷ ናት። ጦረኛ ከተባለ ግን እቴጌ መነን ሊበን አለችልሽ፤ የራስ ዓሊ እናት። በ1839 ዓ.ም. ጦሯን ይዛ ካሣ ኃይሉን ገጠመችው። ያንን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያለች የምትንቀውን ካሣ። ቆስላ ተማረከች። ተሸናፊ ስለሆነች ነው መሰለኝ ስሟን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ለኔ ግን ከአሸናፊዎቹ ይልቅ እሷ ትበልጥብኛለች።

ካሣም ቢሆን ለኔ ጉዳይ ጠቅሞኛል። «ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል» የሚለው ትንቢት ከሱ በፊት የነበረ ነው። እሱ ትንቢቱ መጥቶ እስኪያነሣው አልጠበቀም። በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ስሙን ራሱ ወሰደው። ይህንን ለልጅቷ ስነግራት «ሰረቀው ማለት ነው?» አለች። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ሳቅሁ።

ያን ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺ እኮ ምንም ነገር ቢደርስብሽ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ትያለሽ። አባዬ ሲሞት እንደሱ አልሽ። ቤቱ ሲፈርስ እንደሱ። ወጥ ሲያርርብሽም ሳይቀር። እኔም ሰምቼ ሰምቼ ለምጄዋለሁ። እና ጨለማው ውስጥ ተጋድሜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እማዬ፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ አይደል እንዴ? በአርባ የሚነሣው ወንዱ ነው። ታዲያ የኔና ያንቺ የአርባ ቀን ዕድል ከየት መጣ?

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ «ምነው?» አለ። «ተኛ» አልኩት። (ለሴትማ ሰማንያ ሁለቴ ነው የሚመጣባት፤ አንዱ በክርስትና፣ አንዱ በጋብቻ። ይህንን ቀልድ መጽሐፉ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ላወጣው አስቤ አሳዘነኝ።)

ታስታውሻለሽ፣ ልጄን የወለድኩ ጊዜ? በዚያው ሳምንት ከግቢያችን ማዶ ወንድ ተወልዶ ነበር። አርባ ቀኑ ሲሞላ በነጭ ተጠቅልሎ ሲሄድ ሁለታችን በመስኮት አየነው። አንቺ ልጄን እግርሽ ላይ አስተኝተሽ በለጋ ቅቤ ታሺያት ነበር። ቀና አልሽና «የኛዋ ገና አርባ ቀን አላት» አልሽ። ከዚያ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። ጣቶችሽ አከርካሪዋን ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ፣ እሷ እንደ ድመት ስትንጠራራ፣ አሁን ድረስ ይታየኛል።

መጽሐፌ የዳነው በዚያች ቃልሽ ነው። ጸሐፊው ለሁሉም በአርባ ቀናቸው ይጽፋል። ሴቶቹ ግን ስም የሚወጣላቸው በሰማንያ ነው። ከአርባ እስከ ሰማንያ ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። እምቢአለች ይህንን ስትደርስበት ነው ጦርነቱ የሚነሣው።

መጀመሪያ ብራናውን እንድታቃጥለው አድርጌ ጽፌ ነበር። አላማረኝም። ኋላ አንድ ብራና ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። የፍየል ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ ደጁ ላይ ቆሟል። አዛውንቱ ሲጽፉ አንድ ፊደል ተሳሳቱ። አልተናደዱም። ምላጭ አንሥተው በቀስታ ፋቁት፤ ቀለሙ አቧራ ሆኖ ረገፈ። እፍ አሉበት። ከዚያ ደገሙበት። ጣቴን ባሳልፍበት ቦታው ሸካራ ነው፣ ይታወቃል። እምቢአለችም አሁን አታቃጥልም። ምላጭ ይዛ ትገባለች።

ልጅቷን ምን መለስሽላት ብትዪኝ፣ የዐውደ ነገሥቱን፣ የዚያን የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ ነገር ነገርኳት። ይቅር በዪኝ፣ የቤት ገመና ነው። ከባለቤቴ ጋር ስንተጫጭ ስማችንን ይዘሽ ደብተራ ዘንድ ሄድሽ። በኮከብ ቆጠራ ከራስ ስም ጋር የሚደመረው የእናት ስም ነው። ደብተራው ደመሩ፣ በዐሥራ ሁለት ገደፉ፣ የኔ እሳት የሱ ውኃ ወጣ። «አይሆኑም» ተባልሽ። በሳምንቱ ሌላ ዘንድ ሄደሽ፣ «የእናቷ ስም?» ሲሉሽ የክርስትና ስምሽን ትተሽ የዓለም ስምሽን ሰጠሻቸው። ገጠመ! ይህንን የነገርሽኝ አራስ ሳለሁ፣ ገንፎው ሊያንቅሽ እስኪደርስ እየሳቅሽ ነው። ይኸው ሰውዬው ዘጠኝ ዓመቱን ከጎኔ ያንኮራፋል።

ልጅቷ ጸጥ ብላ ሰማችና «እናትሽ ናት ጦረኛዋ» አለች። ወንድሜ፣ ይህንን ሁለቴ አንብብላት።

አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል። ልጄን እያሸሽ ትፎክሪላት ነበር። «ዘራፍ፣ ገና በቅቤ የታሸች» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋኝ። እኔ ልሙላው ብዬ ሞከርኩ፣ «ገና ሳትቆም ጋሻ ያነሣች» ምናምን አልኩ። አይሆንም፣ አንካሳ ነው። እምቢአለች ወደ ጸሐፊው ክፍል ስትገባ የምትፎክረው እሱን ነው፣ ያለሱ ምዕራፉ አያልቅልኝም። በወንድሜ ስልክ ድምፅሽን ቅጂና ላኪልኝ። ሰው አለ ብለሽ እንዳታፍሪ። ጮክ አድርጊው።

በርበሬውን ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። ከላይ ያለችው ትንሿ ፌስታል ሽሮ ናት፣ እሷ ያንቺ ብቻ ናት።

ልጅሽ