ጉዳዩ፦ የማይዝግ ተብሎ ስለተሸጠልኝ የዛገ ብረት

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወርቅና ለብር ሥራ መሣሪያዎች አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
ለሥራ አስኪያጁ
አዲስ አበባ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመደብራችሁ አንድ ትንሽ የሚሽከረከር ማጽጃ በርሜልና አራት ኪሎ የብረት ፍሬ፣ ማለትም በርሜሉ ውስጥ ከጌጥ ጋር እየተሽከረከሩ ጌጡን የሚያበሩ ጥቃቅን ብረቶች፣ ገዝቻለሁ። በርሜሉ ደህና ነው፤ ጎማው አያፈስም፣ ሞተሩም አይሞቅም። ቅሬታዬ በፍሬው ላይ ነው። በደረሰኙ ላይ «የማይዝግ ብረት፣ ደረጃ 316፣ ድብልቅ ቅርጽ» ተብሎ የተጻፈበትና 14,000 ብር የከፈልኩበት ፍሬ ዝጓል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ዕቃ ስም ግን ያወጣው አስመጪ ነው።

ታኅሣሥ 18 ቀን በአካል ቀርቤ ለሽያጭ ሠራተኛችሁ አመልክቼ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «የአያያዝ ችግር ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ አያያዜን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

በርሜሉ ውስጥ ከግማሽ ትንሽ ከፍ እስኪል ድረስ ፍሬውን እጨምራለሁ። ዕቃዎቹን እከታለሁ፤ ውኃው ሁሉንም ሸፍኖ አንድ ጣት ያህል ከፍ እንዲል አደርጋለሁ፤ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደርግበታለሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል አሽከረክረዋለሁ። ሲያበቃ በንጹሕ ውኃ አለቀልቃለሁ፣ ፍሬውን በጨርቅ ላይ አስጥቼ አደርቃለሁ፣ ጌጡን በሰጋቱራ ውስጥ አሽቼ አወጣለሁ። ዕንቁ፣ አምበር ወይም ሌላ ለስላሳ ድንጋይ ያለበትን ጌጥ በርሜሉ አጠገብ እንኳ አላደርስም። ከዚህ ውስጥ የትኛው ጥፋት እንደሆነ ቢነገረኝ እታረማለሁ።

የዚህ ፍሬ ሥራ መፋቅ እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ሠራተኛችሁ ግን «ምናልባት አሸዋ ገብቶበት ይሆናል» ስላሉኝ እጠቅሰዋለሁ። አባቴ ብር የሚያበራበት፣ ጫፉ እንደ መስታወት የለሰለሰ ብረት ነበረው። ጌጡን ጭኑ ላይ አስደግፎ በእሱ እየተጫነ ሲያሸው ይውል ነበር። ከብሩ ምንም አይቀንስም፤ የላይኛውን ገጽ ይጫነዋል፣ ይደለድለዋል፣ ያጠነክረዋል። በርሜል ውስጥ ያለው ፍሬም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ በሺህ ቦታ ማሸቱ ነው። ድቡልቡሉ ሰፊውን ገጽ፣ ጠርዛማው ማዕዘኑን፣ መርፌው ደግሞ ብሩሽ የማይደርስበትን ቀዳዳ ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፍሬው ራሱ ለስላሳና ንጹሕ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። የዛገ ፍሬ ሸካራ ነው፤ ማብራቱ ይቀርና ይቧጭራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች አስደስተውኛል፤ ይህንንም አልክድም። በአራተኛው ውኃው ግራጫ ሆነ። አዲስ ፍሬ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣ እድፍ አለ፤ እሱ ነው ብዬ በሳሙና ብቻ ደጋግሜ አሽከረከርኩት። ጠራልኝ። ከዚያ አንዲት እናት ይዘውት የመጡት ሥራ ገባ።

እኚህ እናት ከእናታቸው የወረሱት አንድ ጠገራ ብር ነበራቸው። ለሁለት የልጅ ልጆቻቸው የአንገት መስቀል ይሁንልኝ አሉ፤ ለገና እንዲደርስላቸው። እውነቱን ለመናገር ጠገራ ማቅለጥ ቅር ይለኛል፤ «እንዳለ ያስቀምጡት» ብዬ ለምኜአቸዋለሁ። አልሰሙኝም። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ሁለት ስስ፣ በሽቦ የተጠላለፉ መስቀሎች ወጡት። በርሜል ውስጥ ከትቼ ሳወጣቸው አበሩ፤ በሽቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ግን እንደ ቡና ዝቃጭ ያለ ነጠብጣብ ነበረባቸው። የአንደኛው ማንጠልጠያ ላልቶ ስለነበር በየድኩት፤ ከዚያ እንደ ልማዳችን ሁለቱንም ብየዳ ያጠቆረውን ገጽ በሚያጸዳው ማጥሪያ አሲድ ውስጥ ነከርኳቸው።

መስቀሎቹ ቀይ ሆነው ወጡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የመዳብ ቀለም!

በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ያገለገለ ማጥሪያ አሲድ ከጌጦች የወጣ መዳብ በውስጡ ሟሙቶ ይኖራል። ተራ ብረት ሲገባበት መዳቡ ከአሲዱ ወጥቶ ብሩ ላይ ይለጠፋል። የብረት መቆንጠጫ አሲድ ውስጥ አይገባም የምንለው ለዚሁ ነው። እኔ መቆንጠጫዬ የመዳብ ነው። ብረቱ የገባው ከየት ነው? በማጉያ መነጽር ስፈልግ በሽቦዎቹ መካከል የተሰነቀሩ፣ ተሰብረው የቀሩ የመርፌ ስባሪዎች አገኘሁ፤ ከእናንተው ድብልቅ ውስጥ የነበሩ መርፌዎች ናቸው። ስባሪዎቹን በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አኑሬአቸዋለሁ።

እናትዬዋ ቀጠሯቸውን አክብረው መጡ። መስቀሎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ እኔ የሰጠሁህ እኮ ብር ነበር» አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መዳቡን በብርጭቆ ወረቀትና በእጅ ማሻ ለማስለቀቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ የሽቦው ጥልፍ ሳስቷል፣ ገናም አለፈ። የእጅ ዋጋዬን አልተቀበልኳቸውም።

ወደ ፍሬው ልመለስ። የሙያ ጓደኛዬ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ይዞ መጥቶ ፍሬውን ሲያስጠጋው ዘለው ተለጠፉ፤ «ይኸው ተያዙ» አለኝ። እኔ ግን በዚህ አልከስሳችሁም። 316 የሚባለውም ቢሆን በቅዝቃዜ ተስቦ ሽቦ ሲሆን ትንሽ ትንሽ ማግኔት ይስበዋል፤ ከማይዝጉ ብረቶች መካከል እንዲጠነክሩ ተደርገው የሚሠሩ፣ ማግኔት አጥብቆ የሚስባቸውም አሉ። ሠራተኛችሁ «ማግኔት ማስረጃ አይሆንም» ማለታቸው ትክክል ነው።

ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጥኩ። በሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ እኩል ውኃና አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አደረግሁ። በአንዱ ከእናንተ የገዛሁትን፣ ጨርሶ በርሜል ያልገባ አሥር ፍሬ፣ በሌላው ከሰባት ዓመት በፊት ተገዝቶ ጓደኛዬ እስካሁን የሚሠራበትን አሥር ፍሬ ጨመርኩ። ጠዋት የጓደኛዬ ውኃ እንደ ማታው ነበር። የእናንተው ሻይ መስሏል። ፍሬውን አጥቤና አድርቄ በሌላ ሌሊት ደገምኩት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ብረት የማይዝግ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ኖሮት በገጹ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ሲሠራ ነው፤ 316 ደግሞ ጨውን እንዲቋቋም ተብሎ ሞሊብዲነም የተጨመረበት ነው። በአንድ ሌሊት በማንኪያ ጨው የሚዝግ ብረት በዚህ ስም ሊሸጥ አይገባውም ነበር።

«የቧንቧ ውኃው ክሎሪን ነው» የሚለውንም ሰምቻለሁ። በዚያው ውኃ የሚታጠበው የወጥ ቤቴ የማይዝግ ብረት ማጠቢያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

ተራ ብረት ፍሬ መሸጥ ነውር አይደለም። ርካሽ ነው፤ የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከተቀመጠ በደንብ ያገለግላል። ያንን መሆኑ ቢነገረኝ በዚያው መልክ እይዘው ነበር፤ ወይም አልገዛውም ነበር። የተበደልኩት ዋጋውን የወሰነው ስሙ ሆኖ ሳለ ስሙ እውነት ባለመሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ እኔም ጉድለቱን እንዳወቅሁ ሳልውል ሳላድር አሳውቄአለሁ።

የምጠይቀው 14,000 ብሩ እንዲመለስልኝ ወይም ደረጃው በላቦራቶሪ ወረቀት የተረጋገጠ አራት ኪሎ ፍሬ እንዲተካልኝ፣ የሦስት ቀን የእጅ ሥራዬ እንዲታሰብልኝ ነው። ከዚህ በላይ አጥብቄ የምጠይቀው ከዚሁ ጭነት የገዙ ሌሎች ባለሙያዎች እንዲነገራቸው ነው፤ ቢያንስ አሲድ ውስጥ ከመንከራቸው በፊት ይወቁት። ፍሬው 316 ነው ብላችሁ የምታምኑ ከሆነም ናሙና በጋራ አሽገን ላቦራቶሪ እንላክ፤ እውነቱ ከእናንተ ጋር ከሆነ ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ።

በርሜል ያልገባ ግማሽ ኪሎ ፍሬ፣ ሁለቱ ብርጭቆዎች፣ የመርፌ ስባሪዎቹና የደረሰኙ ዋና ቅጂ በሥራ ቦታዬ አሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰው ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። የደረሰኙን ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ መልሳችሁን በዐሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አመልካች፣ የብር ሥራ ባለሙያ