ያቀረብነው እንባ ብቻ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

በእስራኤል ፖሊስ እኛን ኢትዮጵያውያንን በመልካችን መጠርጠሩ ተገቢ ነው አይደለም ስለሚለው ክርክር ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለቱን ወገን አወዳደርን ብላችሁ መጨረሻው ላይ «ፖሊስ በቁጥር፣ ማኅበረሰቡ በእንባ» አላችሁ። መዋጥ ያቃተኝ ይህችን መስመር ነው።

በቁጥር ያላችሁት ክርክር ምን ነበር? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የያኔው የፖሊስ አዛዥ ሮኒ አልሼክ በጠበቆች ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ስደተኞች በየትም አገር በወንጀል በዝተው ይገኛሉ፣ ወጣቶችም እንዲሁ፣ ስለዚህ ፖሊስ ኢትዮጵያዊን ይበልጥ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው አሉ። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ልጄ የተወለደው እዚሁ ነው፤ ከየት ተሰደደ? ቁጥሩስ ከየት መጣ? ጣና ላይ መረቡን አንድ ጥግ ብቻ የሚጥል አጥማጅ፣ ዓሣው ሁሉ እዚያ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ደጋግመው የሚያስቆሙት ልጅ መዝገብ ላይ ደጋግሞ ይገኛል፤ መዝገቡም ተመልሶ ለሚቀጥለው ማስቆም ምክንያት ይሆናል። ይህ ቁጥር የለበሰ ፍርሃት ነው። «ሳናስቆመው አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» የሚል ሰው አድማጩን እያስደነገጠ ነው የሚከራከረው። ስሜት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

የእኛን ደግሞ ተመልከቱ። በሚያዝያ 2015 ሆሎን ላይ ኢትዮጵያዊው ወታደር ደማስ ፓካዳ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ተቀርጿል። ያ ቪዲዮ ማስረጃ ነው። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በእኛ ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት መርምሮ ከ50 በላይ ምክሮች አቀረበ። ለመብታችን የሚሟገተው «ጠበቃ» የተባለው ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ በ2021 ፍርድ ቤቱ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰውን አቁሞ መታወቂያ መጠየቅ ሕጋዊ አይደለም ብሎ ወሰነ። ይህ ድል የተገኘው በሕግ ክርክር ነው። እናንተ ግን ከዚህ ሁሉ መርጣችሁ ያወጣችሁት ወጣቱ ሰለሞን ተካ በ2019 በፖሊስ ጥይት በተገደለ ጊዜ እናቶች ሲያለቅሱ የተነሳውን ፎቶ ነው። አዎ፣ አልቅሰናል። ልጅ ሞቶብን ነበር። ያለቀሰ ሰው ማስረጃ የለውም ያላችሁ ማነው?

እኔ በልጅነቴ ከጎንደር ገጠር ተነስቼ በሱዳን በኩል በእግሬ የመጣሁ ሴት ነኝ። ልጄ 16 ዓመት እንደሞላው ሰሞን ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ከሁለት ፈረንጅ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ፖሊሶች መጡ። መታወቂያ የጠየቁት እሱን ብቻ ነው። ጓደኞቹን ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ሮጬ ወርጄ ምን አጠፋ ብል የመለሰልኝ የለም። ሦስት ልጆች፣ አንድ መታወቂያ፤ ቁጥር ከፈለጋችሁ ይኸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድም መታወቂያውን ኪሱ ይከታል።

የ2021ን ውሳኔ በጽሑፋችሁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። በሚቀጥለው እትም አውጡት፤ ያችን መስመርም አርሙ።

አንዲት የቤተ እስራኤል እናት