ጉልበቴን ላስታመማችሁኝ ሁሉ

ሰላም ወገን! እየደወላችሁ "እግርህ እንዴት ሆነ" ላላችሁኝ ሁሉ፣ ፈጣሪ ይመስገን አሁን ያለ ክራንች እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ድረስ በእግሬ እየሄድኩ ነው፣ ቀስ ብዬም ቢሆን።

ላልሰማችሁ፣ ኳስ ስንጫወት ዘልዬ ስወርድ ከጉልበቴ ሎሚ ስር ያለው ጅማት ነው ጧ ብሎ የተበጠሰው። ሎሚዋ ወደ ጭኔ ሸሽታ ወጣች፣ እግሬን ልዘርጋ ብል እምቢ። ሰው ሁሉ ወጌሻ ጋ እንውሰደው ሲል "ይሄ ወለምታ አይደለም፣ ማንም እንዳይነካው!" ብለህ ሆስፒታል ያደረስከኝ ወንድሜ፣ ውለታህ አለብኝ። የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይገጥምም፣ ከቆየ ደግሞ እየተኮማተረ ስለሚያጥር መስፋቱ ይከብዳል ነው ሐኪሞቹ ያሉኝ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ሐኪሞችና ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ኦፕራሲዮኑስ አደንዝዛችሁኝ አለፈ፣ ጉዱ ከዛ በኋላ ነው እንጂ። 6 ሳምንት እግሬ በብሬስ (ጉልበት እንዳይታጠፍ በሚይዝ ማሰሪያ) ቀጥ ብሎ ከርሞ ሲፈታ ጭኔ ሟሙቶ የኔ አልመስል አለኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ከጉልበቴ ስር ፎጣ ጠቅልላ "ወደ ታች ተጫነው" ትላለች፣ ጡንቻው አልታዘዝ ሲል እኔ ፊቴን ብቻ አጨማድዳለሁ፣ "ፊትህን ሳይሆን ጭንህን ነው ያልኩህ!" 😂 እህቴ፣ ያንን ሁሉ ማጉረምረሜን ችለሽ 90 ዲግሪ አሳጠፍሽኝ፣ ኑሪልኝ።

የሰፈራችን ባለባጃጅ፣ አንተንማ ምን ልበልህ። የማይታጠፍ እግር ይዤ ስገባ የኋላው ወንበር በሙሉ ይያዛል፣ ሌላ ሰው መጫን አትችልም፣ በዛ ዝናብ በር ድረስ እየመጣህ የአንድ ሰው ሂሳብ ብቻ ነበር የምትቀበለኝ። ልጨምርልህ ስል ደግሞ ትቆጣለህ!

እማማ (አከራያችን)፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ለኔ ብቻ ከፍ ያለ ወንበር ከሳሎን ሲያስወጡልኝ ከርመዋል። ባለፈው እሁድ በርጩማው ላይ ቁጭ ስል እልልታዎ ጎረቤት አስወጣ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ባለቤቴ ላንቺ ቤት ውስጥ አመሰግናለሁ፣ እዚህ አይበቃም።

በቤተክርስቲያንም በመስጊድም ያሰባችሁኝ፣ አሜን።

የቡድናችን ልጆች፣ ሩጫና ዝላይ ገና አልተፈቀደልኝም፣ ማልያዬን ለማንም እንዳትሰጡ። ክራንቹ ደግሞ ቤት ተቀምጧል፣ ቁመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የተቸገረ ካለ መጥቶ ይውሰድ።