ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ልጆቻችን ስለ ጉዞና ስለ አገር ስለሚሠሩት የሥነ ጥበብ ሥራ

የተከበራችሁ ወላጆችና አያቶች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የ6ኛ ክፍል ልጆች የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በዓል በሆነው በስግድ ሰሞን የሚያሳዩትን ሥራ ጀምረዋል። ርዕሱ ቤተሰቦቻቸው ከየአገሩ ወደ እስራኤል የመጡበት ጉዞና «አገሬ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከልጆቹ ቁርጥራጭ ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ ደግሞ አጥርቼ ልንገራችሁ፤ የእናንተም እርዳታ ያስፈልገናል።

በመጀመሪያ የታሰበው እያንዳንዱ ልጅ የካርቶን ሻንጣ እንዲሠራ ነበር። ነገር ግን ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ተነስቶ ሱዳን ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው፣ ያውም በሌሊት፣ ምን ሻንጣ ይጎትታል? በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የውሃ ጀሪካን፣ በጀርባ ደግሞ ልጅ። በፈረንጆቹ 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡትም ቢሆኑ ንብረታቸውን ጥለው ነው የመጡት። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ ብዙ ሰው እንዲይዝ የአውሮፕላኑ ወንበር ሁሉ ተነቅሎ ነበር።

ስለዚህ ልጆቹ የሚሠሩት አንቀልባ ሆነ። ከውጭ በኩል ቤተሰቡ ይዞት የመጣውን፣ ከውስጥ በኩል ጥሎት የመጣውን ይሰፉበታል። አንዲት ልጅ ውስጡ ላይ ጀበና ሰፍታለች። አያቷ እሳት ላይ እንደተጣደ ትተውት ወጡ አሉ። ቤተሰቦቻቸው ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ልጆች ሻንጣቸውን ይሥሩ፤ እነሱ እውነትም ሻንጣ ነበራቸው። ከየመን የመጣ ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ቅድመ አያቶቹ በፈረንጆቹ 1949 ኤደን ወደብ ድረስ በእግር መሄዳቸውን ከቤቱ ጠይቆ መጣና አንቀልባ ይሰጠኝ አለ። ሰጠነው።

ሸክላም አለ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሴቶቿ የሸክላ ሥራ የታወቀች ነበረች። ከእናቶች መካከል ሁለቱ መጥተው እያስተማሩልን ነው። እዚያ አገር ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ ነበር፤ ቡዳ ያሰኝ ነበር። እዚህ ልጆቹ ጭቃውን ለመንካት ተራ ይጋፋሉ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ሽመላ እየተሳለ ነው። በመንደር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሽመላ ሲያልፍ ልጆች ወደ ሰማይ እየጮኹ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት ነበር። ሽመላ ወደ አፍሪካ ሲሄድም ሲመለስም በእስራኤል ሰማይ ያልፋል፤ ልጆቹ የጠየቁት የሚያውቀውን ነው።

አንድ አባት «ልጄ እዚህ ተወልዶ ጎንደር ምን ያደርግለታል?» ብለውኛል። በጎንደር አካባቢ ባለችው የአምቦበር መንደር ሳሉ ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ የኖሩ ሽማግሌዎች እዚህ ሆነው የአምቦበርን ውሃ ይናፍቃሉ። ልጆቹ ይህን ቤት ውስጥ ይሰማሉ፤ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። አንዱ የሚኖርበትን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሣለና ጣሪያው ላይ የሣር ጎጆ አስቀመጠበት። ዱድ ሼሜሹ (የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው) የት ገባ ብለው «አያቴ ጎጆ ውስጥ አስገባችው» አለኝ። እኔ ይሄ ልጅ ጥያቄው የገባው ይመስለኛል።

የአንዲት እናት ቅሬታ ግን ከበድ ይላል፤ «ለምን ቁስል ትነካካላችሁ?» የሚል ነው። በፈረንጆቹ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ወጥቷል። በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ያለቁት ደግሞ ወደ 4,000 ይጠጋሉ ይባላል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ባለው በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። ልጆቻችን ያንን ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን ያያሉ፤ ከቤታቸው ማን እንደቀረ የማያውቁ ግን ብዙ ናቸው። የካምፑን ነገር መንገር አለመንገር የእናንተ ፈንታ ነው። መምህራችን ስለዚያ ልጆቹን አትጠይቅም፤ ልጁ ራሱ ካመጣው ታዳምጠዋለች። ለመንገር ከፈለጋችሁ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ እንደሚቀናችሁ ንገሩት። ሁሉም ባይገባው በስልኩ ይቅዳው።

ሰፌድ፣ መሶብ፣ የድሮ ጥልፍ ያላችሁ ብታውሱን ስም ጽፈን እንረከባለን። የፎቶግራፍ ዋናውን እንዳትልኩ፤ በስልክ ያነሳችሁት ይበቃል። ደግሞ እባካችሁ ለልጆቹ አትሥሩላቸው። ከቤት የተመለሱ አንዳንድ አንቀልባዎች ስፌታቸው እጅግ አምሮበታል፤ የማን እጅ እንደሆነ አልጠፋንም።

በስግድ ዕለት ብዙዎቻችሁ ኢየሩሳሌም ስለምትወጡ ዐውደ ርዕዩ የሚከፈተው ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ ከሥራ መልስ ምሽት ላይ ነው። ደረጃ ለሚከብዳቸው አያቶች ስንል ታችኛው አዳራሽ አድርገነዋል። ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ ሐሙስ ለክፍሉ መምህርት በዋትሳፕ አሳውቁ። ቡና የሚያፈላልንም ሰው እንፈልጋለን፤ ጀበናና ስኒ ከትምህርት ቤቱ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት