የእርሻ ፋኩልቲ ዲን ሲመረጥ ገበሬውም ይጠየቅ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የእርሻና የሳይንስ ፋኩልቲዎች ማን ዲን ይሁን የሚለው ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ከማዕረግና ከኅትመት ብዛት አልፎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከጅማ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ጥቂት የቡና ማሳ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከአንድ ተቋም የመጡ ተማሪዎች (የትኛው እንደሆነ መናገሩ ለጉዳዩ አይጠቅምም) ማሳዬ ገብተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። ሃያ አራት እግር ቡና መርጠው በየቅርንጫፉ ቀይ ክር አሰሩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያረፈበትንና ጤነኛውን ፍሬ ለየብቻ ቆጥረው መዘገቡ፤ ባለቤቴ ያፈላችላቸውን ቡና ጠጥተው፣ ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ክሩ ዛሬም እዚያው አለ። ፀሐይ አንጥቶታል፤ አንዳንዱም ቅርንጫፉ ሲወፍር ቅርፊቱ ውስጥ ሰርጓል። ለቀማ በደረሰ ቁጥር ለቃሚዎቹ እንፍታው ወይ ይሉኛል፣ እኔም ባለቤቱ ይመጣል እያልኩ አቆይቼዋለሁ።

ተማሪዎቹን አልወቅስም። እነሱ ጽሑፋቸውን አስረክበው ተመርቀዋል፤ አማካሪያቸውም ጽሑፉ ከታተመ ለማዕረግ ዕድገት ይቆጠርለታል። ውጤቱ ወደ ተቆጠረበት ማሳ ባለመመለሱ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ይህን ጥያቄ የፋኩልቲው የዘወትር ሥራ ማድረግ የሚችለው ደግሞ ዲኑ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር አብሮ ያስቀመጠው ለጌጥ ነው ብዬ አላምንም።

የጅማ ሰው ይህን ሲጠይቅ አዲስ ነገር እየጠየቀ አይደለም። የእርሻ ትምህርት ቤቱ እዚህ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ የአለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) እንኳ ግቢው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ያስተማረው ጅማ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ሆነ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እዚሁ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ታሪክ አለ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ሲያጠቁርና ሲያረግፍ፣ ተመራማሪዎች በሽታው በገባበት ማሳና ጫካ እየዞሩ ጎረቤቱ ሲታመም እሱ ያልታመመውን የቡና ዛፍ ፈለጉ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት እንዲህ ነው፤ የስማቸው መነሻ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ከገበሬ አካባቢ የተወሰደው ነገር ችግኝ ሆኖ ወደ ገበሬው ተመለሰ። እኔም ከማሳዬ ገሚሱን የተከልኩት በእነሱ ነው።

እርግጥ ዲን የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር አይደለም። በጀት፣ ላቦራቶሪ፣ የመምህራን እጥረት፣ የማያልቅ ስብሰባ አለበት፤ ጥሩ ተመራማሪም ሊሆን ይገባል፣ ምርምር የማያውቅ ሰው ምርምርን ሊመራ አይችልምና። ሆኖም ለቦታው የሚወዳደር ምሁር ዕቅዱን ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ፣ ከዚህ በፊት በመራቸው ጥናቶች ውጤቱን ለስንት ቀበሌ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደ መለሰ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? ለዚህ ጥያቄም ነጥብ ይሰጠው፤ ነጥብ የሌለው መስፈርት ወረቀት ላይ እንደሚቀር በአስተማሪነት ዘመኔ በደንብ አውቄዋለሁ።

ከዚያም ዕጩዎቹ ዕቅዳቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአዳራሽ ወጥተው ቀበሌ ላይ ያቅርቡ። ቀኑ ኅዳር ላይ ከዋለ ግን ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር፣ ከጅማ