ልጆቹ በር ተቆልፎባቸው እንዳያድሩ፦ ለሰፈራችን የሌሊት የልጆች ማቆያ የድጋፍ ጥሪ

የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ነው። ዛሬ ግን ስለ ድንኳንና ስለ ቀብር አይደለም። የሰፈራችንን ስም ሆን ብዬ አልጠራም፤ ሰው መጥቶ ሴቶቹን በጣቱ እንዲጠቁም አልፈልግም። እኛ እንተዋወቃለን። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከጥግ ሱቁ እስከ ድሮው ወፍጮ ቤት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሴቶች የሚቆሙበት መንገድ ነው። እዚያ ያደጋችሁ፣ አሁን ዲሲም ሁኑ ዱባይ፣ የቱን መንገድ እንደምል ገብቷችኋል።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አፈሳ መጣ። ፒክአፑ መብራቱን አጥፍቶ ነው የደረሰው። ሴቶቹ ወደየቅያሱ ተበተኑ፣ አራቱ ተያዙ። ጩኸት ሰምቼ በሬን ስከፍት አንዷ መኪናው ላይ ቆማለች። "ልጄ! ልጄን ቆልፌበታለሁ!" ትላለች። ከደረቷ ቁልፍ አወጣችና ወደ ሱቁ ወረወረችው። ጭቃው ላይ ወደቀ። ቀይ ክር የታሰረበት አንድ ቁልፍ። መኪናው ሄደ።

ባለሱቁ ቁልፉን አነሳው። ግን የየትኛው በር ቁልፍ ነው? ቤቷን የሚያውቅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ካመለጡት ሴቶች አንዷ ተመለሰች፤ እሷም የምታውቀው ከድልድዩ ማዶ እንደምትከራይ ብቻ ነው። እኔ፣ ባለሱቁና የሌሊት ጥበቃው ባትሪ ይዘን ወጣን። በር በበር ዞርን። ቁልፉን እየከተትን ሞከርን። ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰን ተሰደብን። ወደ 11 ሰዓት ላይ አንድ የቆርቆሮ በር ተከፈተልን።

ልጁ በሩ ሥር ነበር። 4 ዓመት ቢሆነው ነው። ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል። የእናቱን ነጠላ ጫማ እንዳቀፈ እንቅልፍ ወስዶታል። ጠርሙስ አፍ ላይ የተተከለው ሻማ ቀልጦ አልቋል። ከሻማው እስከ ፍራሹ አንድ ክንድ አይሞላም።

እናቱ የተለቀቀችው በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ክስ የለም፣ ምንም የለም፣ ሂጂ ተባለች። ልጁ እኔ ቤት ፍርፍር በልቶ ተኝቶ ነበር። ስትገባ መጀመሪያ እሱን ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። በጣም አፈርኩ። ይህቺ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሬ ፊት ስትቆም አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብያት አላውቅም።

ከዚያ ሌሊት በፊት እኔም "ይነሱልን" ከሚሉት አንዷ ነበርኩ። ምክንያትም ነበረኝ። ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ የተጣለ ኮንዶም በጠዋት ጠርጌያለሁ። ሰካራም በሬን እየደበደበ ሲሳደብ አድሯል። የጎረቤቴ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አንዱ መኪናውን አጠገቧ አቁሞ "ስንት ነሽ?" አላት። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ብቻዋን ከቤት መውጣት ፈርታ ነበር። አባቷ በእድሩ ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር እንባ ተናንቆት ነበር። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እሆን ነበር።

ግን ልብ በሉልኝ። ልጅቷን ያስፈራራት መኪና ውስጥ የነበረው ሰው ነው። አፈሳ ሲመጣ እሱ መስታወቱን ዘግቶ ይሄዳል።

ለዓመታት ያደረግነው አንድ ነገር ነው። አቤቱታ እንጽፋለን፣ ፊርማ እናሰባስባለን፣ ጣቢያ እናስገባለን። አፈሳ ይመጣል። ለአራት አምስት ቀን መንገዱ ጭር ይላል። ከዚያ ይመለሳሉ። ካልተመለሱም ወንዙ ዳር ጨለማው ውስጥ ይቆማሉ፤ እዚያ ደግሞ የሚደበድባቸውና የሚዘርፋቸው ይበዛል። ቢጮኹም የሚሰማቸው የለም።

ከተማችን አዲስ አበባ ከዚህ ነገር ጋር ከተዋወቀች ቆይታለች። በአባቶቻችን ዘመን የሌሊቱ ሰፈር በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የተጠራው ውቤ በረሃ ነበር። እሱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ሞቀ። ሰባተኛ፣ ካዛንቺስ፣ ቺቺኒያ እያልን ስንቱን ጠራን። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የጎዳና ልመናንና የጎዳና ላይ ሴተኛ አዳሪነትን የሚከለክል ሕግ እያዘጋጀ መሆኑን ሲያስታውቅ እኛም ተገላገልን ብለን ነበር። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። መንገዳችን ላይ አዳዲስ ፊቶች ማየት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። አንዷን ከየት እንደመጣች ስጠይቃት "እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ የት ልሂድ?" አለችኝ። የማባረር ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። እነሱ ከካዛንቺስ አባረሩ፣ እኛ ተቀበልን። እኛ ስናባርር ደግሞ ሌላ ሰፈር ይቀበላል።

ከልጁ ነገር በኋላ እድሩ ስብሰባ ጠራ። አንዲት ሳጅን ከማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ መጣች። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቻችን ያልገባንን ነገር በግልጽ አስረዳችን። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንዲት አዋቂ ሴት ገላዋን በመሸጧ ብቻ ወንጀለኛ አትባልም። አንቀጽ 846 የሚመለከተው በአደባባይ አላፊ አግዳሚውን ለዝሙት የሚያግባባንና ጎረቤት የሚረብሽን ነው፤ እሱም ከደንብ መተላለፍ የሚቆጠር ነው። በሴቷ ገላ የሚነግደው ደላላ ግን ወንጀለኛ ነው። ዕድሜዋ 18 ካልሞላ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ከእሷ ጋር የሚተኛው ሰው ጥፋት ነው፣ የሚያስከትለውም ከባድ እስራት ነው። አስገድዶ መድፈርን በሚመለከት ሕጉ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፣ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎም አይለይም። ሳጅኗ ይህን ስትል አንድ አዛውንት "ታዲያ እስከ ዛሬ የተሳሳተውን ሰው ነው ስናሳስር የኖርነው?" አሉ። አዳራሹ ዝም አለ።

በሁለተኛው ስብሰባ ከሴቶቹ ሁለቱ መጡ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አንዷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኛም ልጆች አሉን። ልጆቻችሁ እንዳያዩን የምትፈልጉትን ያህል እኛም ልጆቻችን እንዳያዩን እንፈልጋለን።" የተማሪዋ አባት ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ስብሰባ ተስማማን። ሴቶቹ ትምህርት ቤቱ በርና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አካባቢ አይቆሙም። ቆሻሻ የሚጥሉበት በርሜል አስቀመጥንላቸው። ፖሊስ በበኩሉ ሴት ሲይዝ መጀመሪያ "ቤት ልጅ አለሽ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ከተገኘች ከሌሎቹ ጋር አትታሰርም፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ትሄዳለች። ተደበደብኩ ብላ ጣቢያ የሄደች ሴት ቃሏ እንደማንኛውም ሰው ይመዘገባል። መኪና አቁመው ተማሪ የሚያስቸግሩትን እኛ ታርጋ እየያዝን 991 እንደውላለን። እስካሁን ሰባት ታርጋ ሰጥተናል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። አዲስ የተመደበ ፖሊስ ስምምነቱን ሳያውቅ ሲመጣ እንደገና ከሀ የምንጀምርበት ጊዜ አለ። ግን ተማሪዋ አሁን ብቻዋን ትመለሳለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። የተደፈረች ሴት ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የፖሊስና የሕግ ጉዳዩንም በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ሴቶቹ ግን ሰው ፊት መቆም ፈርተው ቀኑ ያልፍባቸዋል። አሁን ከእድሩ እናቶች ሁለታችን ተራ ይዘን አብረናቸው እንሄዳለን። መንገዱን መተው የምትፈልግ ካለች ደግሞ ከተማው በ2016 ወደ ከፈተው "ለነገዋ" የሴቶች ተሃድሶና ሥልጠና ማዕከል ለመመዝገብ አብረናት እንወጣለን። ዛሬ የማትችለዋን ግን ነገ እስክትችል ልጇ በር ተቆልፎበት ይደር?

ጥሪያችን የመጣው ከዚህ ነው።

ከእድሩ አዳራሽ ጀርባ ያለችውን ክፍል ታስታውሷታላችሁ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ የሚቀመጥባት። ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ክፍሏ የሌሊት የልጆች ማቆያ እንድትሆን ወሰነ። ዕቃው ወደ ጎን ተገፍቷል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ክፍት ትሆናለች። የተመዘገቡት ልጆች 18 ናቸው። አሥራ ሦስቱ መንገድ የሚቆሙ እናቶች ልጆች ናቸው። አምስቱ ደግሞ እናቶቻቸው ሆቴል ወጥ ቤት የሚያመሹና ሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ ናቸው። ይህን ሆን ብለን ነው ያደረግነው። የአንዲት ዓይነት እናት ልጆች ብቻ የሚያድሩበት ቤት ከሆነ ለልጆቹ ስም ይወጣላቸዋል፣ ያ ስም ደግሞ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላቸዋል።

የገንዘቡን ነገር በግልጽ ላስቀምጥ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ በር የለውም፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ጣሪያውን ለመቀየር፣ ለሮቶ፣ ለሽንት ቤቱና ለፍራሾቹ 140,000 ብር ይጠይቃል። ሁለት ሞግዚቶች እያንዳንዳቸው በወር 8,000 ብር ይከፈላቸዋል፤ የዓመቱ 192,000 ይሆናል። ከሁሉም የሚከብደው ምግቡ ነው። ለአንድ ልጅ ለራትና ለቁርስ በቀን 60 ብር ብንይዝ የ18ቱ የዓመት ወጪ 388,800 ብር ነው። በጠቅላላው 720,800 ብር ማለት ነው። እናቶቹ ራሳቸው ለአንድ ልጅ በአዳር 20 ብር እንከፍላለን ብለዋል። እኛ አልጠየቅናቸውም፤ "በነፃ ከሆነ አንመጣም" ያሉት እነሱ ናቸው። ይህ በዓመት 129,600 ብር ይሸፍናል። እድሩ 60,000 ሰጠ፣ በየቤቱ ዞረን 31,200 ሰበሰብን። የጎደለን 500,000 ብር ነው።

1,800 ብር የአንድ ልጅ የአንድ ወር ራትና ቁርስ ነው። ለአንድ ልጅ ለአንድ ዓመት የሚችል ይቻል። ለአንድ ወርም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። 60 ብርም ቢሆን አንድ ልጅ ጠግቦ የሚያድርበት አንድ ሌሊት ነው። ገንዘብ የሌለው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የልጆች ጫማ፣ የተረት መጽሐፍ ያምጣ። ብረት በያጅ ካለ የሽንት ቤቱን በር ይሥራልን። ነርስ የሆናችሁ በወር አንድ ምሽት ልጆቹን ብታዩልን እንወዳለን።

"ይህ ሥራቸውን ማበረታታት አይሆንም ወይ?" ብለው የጠየቁኝ አሉ፣ ጥያቄውን አልንቀውም። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። የማውቀው ግን ይህን ነው። ያ ልጅ በር ሥር ተኝቶ ባደረበት ሌሊት እናቱ መንገድ ላይ ነበረች። ማቆያው ባይኖርም ትወጣለች፤ የቤት ኪራይዋ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ማቆያው ካለ የሚቀየረው ሻማውና ቁልፉ ነው። በማግስቱ ጠዋት ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ደግሞ ከሞግዚቷ ጋር ቡና ትጠጣለች። ስለ ሌላ ሥራ፣ ስለ ስልጠና፣ ስለ ሕክምና ማውራት የምትችለው ያኔ ነው። ፒክአፕ ላይ ሆና አይደለም።

ሂሳቡ በእድሩ ስም የተከፈተ ሲሆን ሦስት ፈራሚ አለው፤ አንዷ እኔ ነኝ። የባንኩን ቁጥርና የቴሌብሩን ከእድሩ ጸሐፊ ወይም ከሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ታገኛላችሁ። ከእነዚህ ውጭ ሌላ ቁጥር የሚልክላችሁ ሰው ካለ እባካችሁ አትላኩ፣ ደውላችሁ ጠይቁን። ውጭ ያላችሁ በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን በዚያው ቀን እንልክላችኋለን። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶው ግሩፑ ላይ ይወጣል። የልጆቹንና የእናቶቹን ፎቶ ግን አትጠይቁን፣ አንልክም።

ጣሪያውን የምንጀምረው የመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ባለሱቁ ሚስማር እችላለሁ ብሏል። የተማሪዋ አባት አናጺ ነው፣ እሱም ይመጣል። መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የእድሩ አንድ መሰላል አይበቃም።