ቅዳሜ የቱቦላሬውን ክምር እናነሳለን

ሰላም የሼዳችን አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ መሬት ላይ የተከመረውን ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነውን ባለ አራት ማዕዘን ብረት) እና ቧንቧ ወደ አዲሱ መደርደሪያ እናዛውራለን። ቦታው እዚሁ አዳማ፣ የጋራ መጋዘናችን ነው። 6 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከታች ያለውን ለማውጣት የላዩን በሙሉ ማንሳት ግድ ሆኗል። ባለፈው ክምሩ ተንዶ የአንዳችን እግር ለጥቂት ነው የተረፈው። ጎኑ 40 በ40 ሚሊ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነው ቱቦላሬ አንዱ ባለ 6 ሜትር 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ መቶው 1.4 ቶን መሆኑ ነው። ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሄድም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

መደርደሪያው አራት ቋሚ አለው፣ በየ1.5 ሜትሩ። ከዚህ ከራቀ ስስ ብረት ይጎብጣል። ከቋሚዎቹ የወጡት፣ ብረቱ የሚያርፍባቸው ክንዶች ፊት ለፊት ክፍት ስለሆኑ ብረቱ በጎን ይገባል፣ በጎን ይወጣል፤ በርዝመቱ ለመጎተት ሌላ 6 ሜትር ባዶ ቦታ አንፈልግም። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ክብ ቧንቧ ስለሚንከባለል የክንዶቹ ጫፍ ላይ ማገጃ በይደንበታል። መሬት የሚቀር ካለ ሞራሌ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ያዝገዋል።

ጓንትና ሴፍቲ ጫማ ይዛችሁ ኑ። በሰንደል የመጣ አይሸከምም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ረጅሙን ብረት ለሁለት ነው የምንይዘው፣ አግድም። ግቢው ውስጥ የመብራት ሽቦ ስላለ ማንም ሽቅብ አያቁመው።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ ከ1 ሜትር በታች ያለውን ቁርጥራጭ ለቆራሌው እንሽጠው ወይስ ለብቻው እናስቀምጠው? እኔ ይሸጥ ባይ ነኝ።

መምጣት አለመምጣታችሁንና ሐሳባችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።